በር ያለው ጤና ጣቢያ

(ባዶ ሜዳ። መሀሉ ላይ አንድ የብረት በር ከነመቃኑ ለብቻው ቆሟል፤ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ዘበኛ ከበሩ ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የወረዳው ልማት ገንዘብ ተቆጣጣሪ ፋይል ታቅፎ ከወዲህ በኩል በሩን ያንኳኳል።)

ተቆጣጣሪው፦ አባባ፣ ይክፈቱልኝ እኮ ነው የምልዎት።

ዘበኛው፦ በጎን ይዙሩ ጌታው። ግድግዳ የለውም።

ተቆጣጣሪው፦ የመንግሥት ሕንፃ በጎን አይገባም። በጎን የሚገባ ሌባ ነው።

ዘበኛው፦ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በጎን ነው የምገባው።

ተቆጣጣሪው፦ ይኼን እንዳልሰማሁ ልለፈው። ቁልፉን ያምጡ።

(ዘበኛው ቁልፉን ከኪሱ ፈልጎ ይከፍታል። ተቆጣጣሪው ጫማውን ጠራርጎ ይገባል።)

ተቆጣጣሪው፦ እሺ፣ ገባን።

ዘበኛው፦ ወዴት?

ተቆጣጣሪው፦ ወደ ጤና ጣቢያው ነዋ።

ዘበኛው፦ (ሰማዩን እያየ) ለእኔ ግን አሁንም ውጭ ያለን ነው የሚመስለኝ።

ተቆጣጣሪው፦ የሚመስል ነገር ሪፖርት ውስጥ አይገባም። በር የምን ሥራ ነው?

ዘበኛው፦ የብረት።

ተቆጣጣሪው፦ የማጠናቀቂያ ሥራ ነው። ማጠናቀቂያ መቼ ነው የሚመጣው?

ዘበኛው፦ መጨረሻ ላይ።

ተቆጣጣሪው፦ ስለዚህ በር ካለ ግድግዳ አለ። (ይጽፋል) ግድግዳ፣ ተጠናቋል።

ዘበኛው፦ በሩ እኮ መጀመሪያ ነው የመጣው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የደረሰው የበር ግዢ ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪው፦ አያቋርጡኝ። ግድግዳው ተጠናቆ ጣራ የሌለው ጤና ጣቢያ አይተው ያውቃሉ?

ዘበኛው፦ እኔ ጭራሽ ጤና ጣቢያ አይቼ አላውቅም። ለዚህ አይደል ልጄ ልትወልድ ሌላ ከተማ የሄደችው? ሳምንት አልቀራትም፣ እናቷም በሕይወት የለችም። ፈቃድ ስጠይቅዎት ይኼ ሦስተኛዬ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ አይቻልም። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ ሁሉም በእርስዎ ፊርማ ነው የገባው። ሰው ሳይረከብዎት ጥለው ቢሄዱ ለጎደለው ሁሉ ይጠየቃሉ።

ዘበኛው፦ የገባ ዕቃ የለም እኮ። ተቋራጩ «ዕቃው መንገድ ላይ ነው፣ አንተ ፈርም» አለኝ፤ ፈረምኩ።

ተቆጣጣሪው፦ ምን ዓይነት ሞኝ ነዎት? ሰው ያላየውን ይፈርማል?

ዘበኛው፦ እውነትዎን ነው። (ፋይሉን አሻግሮ እያየ) ሪፖርቱ ስንት በመቶ ሆነ?

ተቆጣጣሪው፦ ሰማንያ አምስት።

ዘበኛው፦ የቀረው አሥራ አምስት ምንድን ነው?

ተቆጣጣሪው፦ ቀለም።

ዘበኛው፦ ለቀለም ብለው ነው የሚያጎድሉት? የጎረቤት ወረዳ ትምህርት ቤት መቶ በመቶ ተብሎ ዋንጫ ተሸለመ ሲሉ ሰማሁ።

ተቆጣጣሪው፦ (ብዕሩን ያቆማል) እነዚያ ዋንጫ? እነሱ እኮ በር እንኳ የላቸውም።

ዘበኛው፦ እኔ ምን አውቄ። የሰማሁትን ነው።

ተቆጣጣሪው፦ መቶ ለማለት የርክክብ ቅጽ ብቻ ነው የሚጎድለው። (ከፋይሉ ያወጣል) እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ አስረካቢ።

ዘበኛው፦ ተረካቢው ማን ሊሆን ነው?

ተቆጣጣሪው፦ እኔ ነኛ። እዚህ ከእኔ በላይ ማን አለ?

ዘበኛው፦ እንግዲያው ዕቃውም አብሮ ይጻፍ። በግማሽ ርክክብ ዋንጫ የሚሰጡ አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪው፦ ይኼ እንኳ ገብቶዎታል። (እየጻፈ) ሲሚንቶ፣ ሙሉ። ብረት፣ ሙሉ። ቆርቆሮ፣ ሙሉ። ሁሉንም በዓይኔ አይቼ በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ።

(ሁለቱም ይፈርማሉ። ተቆጣጣሪው ማኅተሙን እፍ ብሎ ይመታል። ዘበኛው ቅጂውን አጥፎ ደረት ኪሱ ይከታል፤ የዘበኝነት ካፖርቱን አውልቆ ያስታቅፈዋል።)

ተቆጣጣሪው፦ ወዴት ነው?

ዘበኛው፦ ልጄ ዘንድ። ተረከቡኝ አይደል?

ተቆጣጣሪው፦ ሐሙስ ኦዲተሮች ይመጣሉ እኮ። ማን ሊያስጎበኛቸው ነው?

ዘበኛው፦ ተረካቢው ነዋ። ግድግዳውን ያሳዩአቸዋል፣ ጣራውን ያሳዩአቸዋል፣ ሲሚንቶውን ያስቆጥሯቸዋል።

(ተቆጣጣሪው ሜዳውን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያየው።)

ተቆጣጣሪው፦ አባባ... ሲሚንቶው የት ነው ያለው?

ዘበኛው፦ እኔም የፈረምኩ ዕለት ይኼንኑ ጠይቄ ነበር፤ ተቋራጩ ሳይመልስልኝ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ መኪና ስለሌለኝ ቶሎ ቶሎ ልራመድ።