አይዞህ የተከለከለበት ክፍል

በአገራችን እንደ «አይዞህ» የሚረክስ መድኃኒት የለም። እንቅፋት ለመታውም አይዞህ ነው፣ ቤቱ ለተቃጠለበትም አይዞህ ነው። የወሎ ልጆች «አብሽር» ይሉታል፤ ከድንበር ማዶ ያሉት ሱዳኖችም እንደዚያው። በዚህ በሸሕዲ ከተማ ቃሉ አፉ ላይ ሲደርስ የሚውጠው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሥራዬ ነዋ! የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሰው የልቡን ሲያወራ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ክልከላው የመጣው ከጎንደር ነው። እዚያ ያሉ አንድ አዛውንት ሐኪም በየሳምንቱ በስልክ እኔን ያዳምጡኛል። ሱፐርቪዥን ይባላል። ሱፐርቪዥን ስላችሁ ታዲያ ከበላይ መጥቶ መዝገብ አገላብጦ፣ ምሳውን በልቶ የሚመለሰው ተቆጣጣሪ እንዳይመስላችሁ። እኚህ ሰው የሚጠይቁኝ በሽተኛው ያሸከመኝን የት እንዳስቀመጥኩት ነው። ገና ስንጀምር እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቶሎ ብለህ አይዞህ አትበል። ሰውየው ሊናገር አፉን ሲከፍት ትደፍንበታለህ። ይልቅ ምን እንደተሰማው ጠይቀው።» ጠየቅኩ። ስጠይቅ ዓመታት ሄዱ። ደከመኝ። መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ በዚህ ቆላ ሙቀት የሰው ኀዘን ሲሰሙ ውሎ አንዲት አይዞህ ሳይተነፍሱ ወደ ቤት መግባት፣ እመኑኝ፣ ጆንያ ከመሸከም አይተናነስም።

ሰይድ የመጣው በዚህ ድካሜ ላይ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ። ታናሽ ወንድሙን ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ ይዞት ወረደ፤ ልጁን ወባ ወሰደው፤ እዚሁ ተቀበረ። አጨዳው አልቆ ጓደኞቹ በአውቶቡስ ሲሳፈሩ ሰይድ ቀረ። ቀን መጋዘን ውስጥ ይሸከማል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። እናቱ «ና» እያለች ሰው ትልክበታለች፤ አይሄድም። ይህን ሁሉ ወለሉን እያየ ነገረኝ። እኔም የለመድኩትን ዋጥ አድርጌ «ምን ተሰማህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ዶክተር፣ እናንተ ዘንድ አብሽር አይባልም እንዴ?» አለና ወጣ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ለካ ለባለሙያም ይሠራል። ለአዛውንቱ ስደውል ልነግራቸው ያሰብኩት የሰይድን ጉዳይ ነበር፤ የወጣው ግን የራሴ ሆነ። ደክሞኛል አልኳቸው። ሥራውን ልተወው ነው፣ ወንድሙን የቀበረን ሰው እንደ ፖሊስ የምመረምር እኔ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ አልኳቸው። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል፣

«አይዞህ፣ ልጄ» አሉኝ።

የከለከሉኝ ሰው! ድምፃቸውም እንደ እኔው የደከመ ነበር። አለቀስኩ፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ።

ሰይድ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን የእንቅልፍ ክኒን ይሰጠኛል ብሎ በሳምንቱ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «አብሽር፣ ወንድሜ» አልኩት። ትከሻው ወረደ።

«በሉ እንግዲህ» አለኝ ወንበሩ ላይ እየተደላደለ፣ «አሁን ያችን ጥያቄያችሁን ጠይቁኝ።»

መቼስ እኛ ሰላምታ ሳናደርስ ጉዳይ አንነጋገርም። ቤት ብትሄድ እናትህ ምን ትለኛለች ብለህ ነው የፈራኸው ብዬ ጠየቅኩት። ትረግመኛለች እንዲለኝ እየጠበቅኩ ነበር።

«ብትረግመኝማ በሄድኩ ነበር» አለ። «አቅፋ አብሽር ልጄ ትለኛለች። እሱን ነው የፈራሁት።»

ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰችውን አይዞህ ዋጥኳት። ሰይድም ወንድሙን ይዞ ከቤት ከወጣበት ጠዋት ጀምሮ ይነግረኝ ጀመር። ማራገቢያው እንደቆመ ነው። ሥራውን እስካሁን አልተውኩትም።