የዶክተር ካፕሱል ሆድ

ሐኪም የሌለው ቤተሰብ ሞልቷል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለው ግን ተፈልጎም አይገኝ። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሷት ታላቅ ወንድሟ ነበሩ፦ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በሰፈሩ አጠራር «ክቡር ዶክተር ካፕሱል»።

የክቡርነታቸው ኪስ ከአንቲባዮቲክ ተለይቶ አያውቅም። ላስነጠሰው ካፕሱል፣ ጥርሱን ላመመው ካፕሱል፣ ሚስቱ ላኮረፈችው ሳይቀር ካፕሱል። «ጀርም ምሕረት አያውቅም፤ አንተም አትማረው!» ይላሉ። ለራሳቸውማ ጉሮሯቸውን በከረከራቸው ቁጥር ይውጣሉ፤ ሻል ሲላቸው የተረፈውን ለሚቀጥለው ያስቀምጣሉ።

አንድ ክረምት ላይ ሆዳቸው አልያዝ አለ። ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው አረፍ ሳይሉ መልሶ ይጠራቸዋል። ለእሱም ካፕሱል ጨመሩበት። እህታቸው አንሶላ አጥባ ሳታሰጣ ሌላው ይበላሻል። በመጨረሻ መጸዳጃ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ያንን ሁሉ አውቶቡስ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው እንደ ሕፃን ታቅፋ አነሳችው።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ አንጀት ውስጥ ያለው ጀርም ሁሉ ጠላት አይደለም። እርስዎ መፍጨት ያቃተዎትን የአትክልትና የጥራጥሬ አሰር እነሱ ይበሉታል፤ ከእነሱ በሚወጣው ደግሞ የአንጀትዎ ግድግዳ ይመገባል። ሐሞትዎንም እየለወጡ ክፉውን ጀርም አላላውስ ይሉታል። እርስዎ ደጎቹን ፈጇቸው፤ ክፉው ብቻውን ነገሠ።»

የታዘዘው መድኃኒት ሲያቆመው፣ በሽታው ደግሞ ሲመለስ ከረመ። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፦ ከጤነኛ ሰው ሰገራ ደጎቹን ጀርሞች ወስዶ አንጀታቸው ውስጥ ማስገባት።

«ከነክብሬ ልሙት እንጂ የሰው ዓይነ ምድር ሆዴ አይገባም!» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

እህት ፊቷ ተለዋወጠ። «ወንድምጋሼ፣ እናታችንን ስንቀብር እንባዬን የገታሁት አንተ አለህልኝ ብዬ ነው። አንተን ቀብሬ ክብርህን ታቅፌ ልኑር?»

ክቡርነታቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ከማን ነው የሚወሰደው?» አሉ።

«ከኔ።»

ተመርምራ ሰጠች። ዳኑ፤ ያ ደንዳና ሰውነት ግን አልተመለሰም፤ ከምርኩዝ ጋር ቀሩ። አንድ ቀን የሰፋቸውን ሱሪ ልታጠብብላቸው ማሽኑ ላይ ሳለች፣ አጠገቧ ተቀምጠው ጀመሩ፦ «ለመሆኑ ምን ነበር የምትበዪው? ሆዴ የገቡት ያንቺ ናቸው፤ የለመዱትን ካጡ ያኮርፉኛል። ደግሞ እንዲህ ጎንበስ ብለሽ አትስፊ፣ ወገብሽን...» ቀሪውን የማሽኑ ጩኸት ዋጠው።

ዕድሜዋን ሙሉ «ምነው ይህን አፍ ዝም ባሰኘልኝ» ስትል የኖረች ሴት፣ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«አልሰማሁህም፤ እስቲ ድገመው።»