ንጉሡ ገና አልገባም

ሳያብራራ ማደር የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አብሮኝ የተማረው የመሪጌታ ልጅ ታፈሰ የጥንት ቴአትሮችን አጥንቶ ለሕዝብ ሊያብራራ ተነሣ። አተረጓጎሙ ግን ከአባቱ የወረሰው የቤተ ክህነት አንድምታ ነበር።

የቀበሌያችን ካድሬ ታፈሰ በመረጠው ቴአትር የመጨረሻ ገቢር ንጉሡ ከዙፋኑ እንደሚወርድ ሲሰማ ደስ ብሎት አዳራሹን ፈቀደ። ታፈሰም መድረክ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ።

«ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ ይገባል። ዘውድ ያለው ወርቅ ነው፤ አንድም ትዕቢት ነው፤ አንድም...»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ንጉሡ፣ ያን ያህል የተከበረ ሰው፣ ደጅ ቆሞ ቀረ። መሪጌታ ብቻ በልጃቸው ኮርተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይሄኔ ካድሬው ብድግ አለ።

«ጓድ ታፈሰ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይግባ በቃ! ሳይገባ እንዴት አድርገን እናውርደው?»