የካፒቴኑ ዱልዱም ብረቶች

እኔ ብረት አውቃለሁ። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ። ደግሞስ ቢመስል? አቃቂ ተወልዶ፣ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሸምግሎ ትንሽ ጉራ የሌለው ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። የሰፈራችን ሰው ከጓሮው ዝገት ቆፍሮ ምንነቱ ሲጠፋው የሚያመጣው ወደ እኔ ነው። ይሄ የባቡር ሀዲድ ብሎን ነው፣ ያ የድሮ ካሚዮን ማጠፊያ ነው እላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም። ማለቴ፣ እስካለፈው ግንቦት ድረስ።

እትዬ ዘነቡ በአንድ ግድግዳ የምንገናኝ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቅነህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ታዲያ ሁለት ብርሌ ከቀመሱ፣ ወጣትነታቸውን ምጽዋ የእንጨት ጀልባ ስንጥቅ ሲደፍኑ እንደጨረሱ ያወሩ ነበር። ጀልባ! አቃቂ ላይ! ያለን ውሃ ወንዛችን ነው፤ እሱንም በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። «ካፒቴኑ» ተባሉ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከሁላችን ዘግየት ብለው ነበር የሚስቁት።

ካረፉ ከዓመት በኋላ እትዬ ዘነቡ ከአልጋ ስር አንድ ሳጥን ጎትተው አወጡና አስጠሩኝ። ውስጡ መሮ የሚመስሉ ስድስት ብረቶችና ጭንቅላቱ የረዘመ፣ ጎንና ጎኑ የተሰነጠቀ የእንጨት መዶሻ አለ።

«ታደሰ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ» አሉኝ። «አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰውዬ ውሸታም ነበር? ይቺን ብቻ ንገረኝ። ልጆቼ እንኳ አባታችን ሲቀልድ ነው ይላሉ።»

ጥያቄው ከበደኝና ዓይኔን ወደ ብረቶቹ መለስኩ። አፋቸው ሰፊ ነው፤ ግን ዱልዱም፣ ቅቤ አይቆርጥም። አንዳንዱማ አፉ ላይ ቦይ ወጥቶበታል። የአናጢ መሮ ነው፣ ያውም በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ ብዬ ፈረድኩ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አሳዘኑኝና አንዱን ላስተካክልላቸው ብዬ ወሰድኩት። እንዴት አድርጌ ስዬ እንደመለስኩላቸው! ጢም ይላጫል።

እሳቸው ግን በእኔ ፍርድ አልረኩም። ሳሪስ አቦ ሊሳለሙ በሄዱበት፣ ድሮ ምጽዋ ወደብ ይሠሩ የነበሩ ጋሽ ኪዳኔ የሚባሉ ሽማግሌ አገኙና ይዘዋቸው መጡ። ሳጥኑ ሲከፈት ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሳሟቸው። የእኔው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄን ማነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እግዜር ይይልህ!»

ለካ ብረቱ መዶልዶም አለበት! ሥራው መቁረጥ ሳይሆን በሁለት ሳንቃ መካከል የተገመደ ጥጥ እየጠቀጠቀ ማስገባት ነው። ስል ከሆነ ጥጡን ይበጥሰዋል፤ ጀልባዋም ከነሰዎቿ ትሰምጣለች። ቦዩም ጥጡን እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

ጋሽ ኪዳኔ ላሳያችሁ ብለው ወደ እትዬ ዘነቡ የውጭ በር ሄዱ። የድሮ የሳንቃ በር ነው። ስንጥቅ ፈለጉ፤ አጡ። ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ቢያደርጉት፣ ከሥሩ ሬንጅ የጠጣ ጥጥ ብቅ አለ። ከዚያ ዱልዱሙን ብረት ጥጡ ላይ አድርገው በመዶሻው መቱት። ቀጭን፣ የጠራ ድምፅ ሰጠ። መዶሻው የተሰነጠቀው ለዚህ ነው አሉ፤ ሠራተኛው ጥጡ መጥበቁን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ክረምት ሳይገባ በሩን ሲጠግን... ሚስማር የሚመታ ነበር እኮ የሚመስለኝ!»

እኔስ መች አጣሁት? በየዓመቱ ሰኔ ላይ በዚያ ድምፅ ስነጫነጭ ኖሬያለሁ። ክረምት ጎርፉ ቁልቁል ሲመጣ የሁላችንንም ቤት ይጎበኛል፤ የእሳቸውን አልፎ ይሄዳል። እኛ ታቦቱ ይጠብቃቸዋል እንል ነበር። በእጄ የበየድኩት የብረት በሬ እንኳ ነሐሴ ላይ ውሃ ያስገባል!

እትዬ ዘነቡ አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። «ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ አንተው ዞረህ ንገራቸው» አሉኝ። ዞርኩ። ቤት ለቤት፣ ሱቁንም ጠላ ቤቱንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ፣ የገዛ አባቴ የተሾሙ ይመስል እየተንጎራደድኩ። አቃቂ የጀልባ ሠሪ አገር ናት! ማን ይከለክለናል?

የሳልኩትን ብረት ግን እትዬ ዘነቡ መለሱልኝ። እንደነበረ አድርገህ አምጣው አሉ። ዕድሜ ልኬን ብረት ስስል የኖርኩ ሰው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ አዶለዶምኩ። ስወስድላቸው እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ቅቤ አመጡና ሞከሩት።

አልቆረጠም።

«አሁን ብረት አወቅህ» አሉኝ።