ሰልፍ ያጣ ቋሊማ

አርቆ አሳቢው መንግሥታችን ዋጋን ነጻ ባወጣበት በዚያ ታሪካዊ የበረዶ ወራት፣ ሩሲያ ውስጥ በካማ ወንዝ ዳር በምትገኘው ከተማችን ላይ ታላቅ መከራ ወረደ፤ ሱቁ በቋሊማ ሞላ።

ሰባ ዓመት የኖርንበት ሥርዓት የታወቀ ነበር፤ መደርደሪያው ባዶ፣ ሰልፉ ረጅም። ሰው ሰልፍ ካየ መጀመሪያ «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ከኋላው ይቆማል፤ ምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ሰልፍ የሌለው ዕቃማ ምኑ ዕቃ ነው? ስለዚህ የሱቁ አዲስ ባለቤት ክላቭዲያ ስቴፓኖቭና ቋሊማዋን ደርድራ ስትጠብቅ፣ ሕዝቡ በመስኮት አየት እያደረገ «ደህና ቢሆን ሰው ይሰለፍለት ነበር» ብሎ ያልፋል። ቋሊማው እስከ እሑድ ካልተሸጠ ይበላሻል፤ ሱቁም አብሮት ይዘጋል።

ከዋና ከተማ የተላከው የገበያ ሊቅ «አቅርቦት ፍላጎትን ይወልዳል» የሚል ረጅም ንግግር አድርጎ፣ ምንም ሳይገዛ ሄደ። ክላቭዲያ ግን እውነተኛውን ባለሙያ ፈለገች፤ ጡረተኛውን ሮዲዮን ፎሚችን። እኚህ ሰው ሚስታቸውን እንኳ ያገኙት የጫማ ሰልፍ ላይ ነው።

«ጓደኞችዎን ይዘው ሱቄ በር ላይ ይቁሙልኝ፤ ሾርባ አበላችኋለሁ» አለቻቸው።

«የምን ሰልፍ ነው?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጥቂት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ረፋዱ ላይ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ደርሷል።

«የመጨረሻው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን እየሰጡ ነው?»

«እንጃ፤ ግን ጥሩ ነገር ነው አሉ።»

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው። ክላቭዲያ ወጣች።

«ሮዲዮን ፎሚች፣ ለምን አይገቡም?»

«ቁሙ አልሽ፣ ቆምን። ግዙ መች አልሽ?»

«እንግዲያው ዞር ይበሉና ሌላው ይግባ!»

«አንደኛ ቦታዬን ለቅቄ? ሞቼ ነው!»

ተናዳ ወደ ውስጥ ልትመለስ ስትል ሕዝቡ ጮኸባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰልፍሽን ያዢ!»

«ሱቁ የኔ ነው እኮ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው! ሱቁ የሕዝብ ነው ስትሉን አልነበር?»

ሮዲዮን ፎሚች አዘኑላት፤ ዘመኑ የገበያ ነውና ቦታቸውን በሁለት ቋሊማ ሸጡላት። በከተማችን በነጻ ገበያ የተፈጸመው የመጀመሪያው ግብይት ይኸው ነው። ክላቭዲያም ገብታ ክፍያውን ይዛ ብቅ አለች።

«ቋሊማ ነው!» አለ አንዱ።

«ሊያልቅ ነው!» አሉ ሁሉም።

ዋጋ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት ወይዘሮ ለማሳያ የተሰቀለውን የእንጨት ቋሊማ በሙሉ ዋጋ ገዝታ፣ ቀናንብሽ በሚሉ ዓይኖች መሃል በኩራት ወደ ቤቷ ሄደች።

የገበያው ሊቅ ይህን ሲሰማ ከተማችን ሽግግሯን በድል ማጠናቀቋን ለበላይ አካል አበሠረ። ልክ ነው። በማግስቱ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ሰልፉም ድልድዩ ድረስ ይዘልቃል። ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝና ኮሌታዬን ሰብስቤ ጠጋ አልኩ።

«የመጨረሻው ማነው?»