የድምቡሼ ጠባቂ ደመወዝ

በዚህ ዓለም ዋጋ የሌለው ነገር አለ ብትሉኝ ድሮ አላምናችሁም ነበር። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኜ የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ የቀን ሠራተኛም፣ ዘበኛም፣ ሥራ አስኪያጅም በመስኮቴ ፊት ተሰልፎ ፈርሞ ሲቀበል አይቻለሁ። ጤፍ ዋጋ አለው፤ ጠዋት ጠይቃችሁ ከሰዓት ብትመለሱ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። ባጃጅ ዋጋ አለው፤ ዝናብ ከጣለማ ባለባጃጁ ዋጋውን የሚነግራችሁ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ለቅሶ እንኳ በእድር ደንብ ተመን ወጥቶለታል። የጎረቤት ልጅ ግን ዋጋ የለውም። የለውም ስል ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም ማለቴ ነው።

እኛ ያደግነው በነጻ ነው። መንገድ ላይ ያገኘን ትልቅ ሰው ሁሉ የማን ልጆች እንደሆንን ሳይጠይቅ «ነይ እስቲ ተላኪኝ» ይለናል፤ ከላይ ሰፈር ታች ሰፈር ሮጠን እንመለሳለን፤ ደመወዛችን ምርቃት ነው። «እደጊ! ተመንደጊ!» ጥርስ ያላቸው ሰዎች ምርቃታቸው ደረቅ ነበር፤ ጥርስ የሌላቸው ግን እንትፍ እንትፍ ብለው ፊታችንን አጥበው ይሸኙናል። የዛሬ ልጅም ይላካል፤ ክፉ ስም አልሰጠውም። ግን ምርቃቱን አሜን ብሎ ከተቀበለ በኋላ ትንሽ ቆም ይላል። ያችን ቆም ማለት እናንተም ታውቋታላችሁ። ወይ እንዳላየ ሰው ፊታችሁን አዙራችሁ ትገባላችሁ፣ ወይ ቦርሳችሁን ትዳብሳላችሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ድመት አለችኝ፤ ስሟ ድምቡሼ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ድመት ያላት ሴት ሞልታለች፤ «አገር ቀይሬ ስሄድ ድመቴን ማን ያይልኛል» ብላ እንቅልፍ የምታጣው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ምን ላድርግ? ባሌ ካረፈ፣ ልጄም አዲስ አበባ ካገባች ወዲህ በግቢዬ የምንተነፍሰው እኔና ድምቡሼ ነን።

ባለፈው ኅዳር ልጄ መውለጃዋ ደረሰና መሄድ ግድ ሆነብኝ። መቼም ክርስትና ሳይነሣ አያት አራስ ጥላ አትመለስም። አልትራሳውንዱ ወንድ ነው ብሎ ስለነበር በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሥቼ እመለሳለሁ ብዬ ሒሳቤን ሠራሁ። የቤቴን ቁልፍና ለድመቷ ምግብ የሚሆን ትንሽ ብር ለጎረቤቴ ለስመኝ ልጅ ሰጠሁ። ቤዛ ትባላለች፤ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ነገር የማታበዛ፣ ዓይኗ ግን ሁሉን የሚያይ ልጅ ናት። «አርባ ቀን ብቻ ነው፣ ቤዛዬ። ስመለስ አስብልሻለሁ» አልኳት። ምን እንደማስብላት እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላሰብኩበትም። ከዚያ አልትራሳውንዱን ያሳፈረች ሴት ልጅ ተወለደች። ሴት ደግሞ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የቤዛ ሥራ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። ደውዬ ስነግራት «እሺ እትዬ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ለካ ድምቡሼም አርግዛ ኖሯል! ልጄ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት እሷም አራት ግልገል ዱብ አደረገች። አራስ ድመት ሥጋ ትፈልጋለች፤ ጊዜው ደግሞ የነቢያት ጾም መግቢያ ነው፤ ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ ሊዘጋ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? የኔዋማ ጭራሽ አልመነኮሰችም። ቤዛ ጾሙ ሳይገባ ሳምባ ገዝታ፣ ዘልዝላ፣ በእኔ ሳሎን ውስጥ ገመድ ወጥራ ቋንጣ አደረገችው። ከዚያ ጾሙን በሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየቀነሰች ትቀቅላለች። ሽታው መንገድ ወጣ። «እትዬ አስናቀች ቤት በጾም ሥጋ ይቀቀላል» ተባለ። ስመለስ ንስሐ አባቴ ሰላም ካሉኝ በኋላ «ልጄ፣ እርግጥ አዲስ አበባ ነበርሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ነበርኩ። ስመለስም ቤቴ ተጠርጎ፣ ድምቡሼ ስሟን የምታስመሰክር ሆና፣ አራቱ ግልገሎች በመጋረጃዬ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ አገኘኋቸው። እንግዲህ ቃሌን መፈጸም አለብኝ። ስንት ልስጣት?

ልብ በሉልኝ፣ ያስጨነቀኝ ብሩ አይደለም። ያስጨነቀችኝ እናቷ ስመኝ ናት። በእኔና በስመኝ አጥር መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ሽንቁር አለች። በዚያች ሽንቁር ወንፊት ይሄዳል፣ ድስት ይመጣል፣ ወሬ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሳል። ከሁሉ በላይ ግን ስመኝ በየማለዳው በዚያች ሽንቁር «እትዬ፣ አደሩ?» ትለኛለች። መልስ ካጣች ሳትጠራ ትገባለች። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ አንድ ቀን ወድቄ ብቀር የሚያገኘኝ ከዚያች ሽንቁር የሚመጣ ሰው ነው። ልጄ አዲስ አበባ ሆና ምን ታውቃለች? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለወግ አይደለም። ስለዚህ ስመኝ እንዳትቀየመኝ እፈራለሁ፤ ፍርሃቴንም አልደብቃችሁም። ጥቂት ብሰጥ ንፉግ እባላለሁ፣ ብዙ ብሰጥ ጉረኛ፣ ምንም ባልሰጥ ደግሞ የሰው ልጅ ጉልበት የበላች።

ምክር ጠየቅሁ። አብራኝ ጡረታ የወጣች ባልደረባዬ «ደብተርና እስክሪብቶ ግዥላት፣ አለቀ» አለችኝ፤ ዓመቱ ተጋምሷል ብላት አልሰማችኝም። ልጄ በስልክ «አዲስ አበባ በቀን ነው የሚከፈለው» ብላ ዋጋውን ስትነግረኝ የጥጃ ዋጋ የምትነግረኝ መሰለኝ። ንስሐ አባቴ «ምርቃት ይበቃታል» አሉ፤ እሳቸው ግን እኔን መርቀው ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። የሁሉንም ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አካፈልኩ፤ አንድ ሺህ ብር ላይ ረጋሁ። እዚህ ድረስ ብተወው ኖሮ ምንም ባልሆንኩ ነበር። የሥራ ልማድ ግን ክፉ ነው። በሕይወቴ ሳላስፈርም ብር ከእጄ ወጥቶ አያውቅማ! ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ በወረቀት ላይ «ለድመት ጥበቃ ሥራ የተከፈለ» ብዬ ጽፌ፣ ቤዛን አስፈረምኳት፤ አንዱን ቅጂ ለራሷ ሰጠኋት። ልጅቷ ደስ ብሏት ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈች።

ማታውን ስመኝ ፖስታውን ከነቅጂው ይዛ በሽንቁሯ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ልጄን ቀጥረዋት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ስመኝ፣ ምን በወጣኝ! ስለ ድካሟ ብዬ እንጂ…»

«መድከምማ ለእናቷም ቤት ትደክማለች። እኔ እናቷ ቤት ያለች መስሎኝ ነው የላክኋት። እንዲህ ቅጥረኛ መሆኗን ባውቅ እኔም ዋስ ሆኜ እፈርምላት ነበር።»

ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ስነሣ ሽንቁሯ በቆርቆሮ ተደፍና፣ በሽቦ ተጠፍራ አየኋት። ሚስማርና መዶሻ ሁልጊዜ የምትበደረው ከእኔ ነበር፤ እኔን ላለመጠየቅ በሽቦ አሰረችው ማለት ነው። «አደሩ?» የሚለኝ ጠፋ። አደርኩ፤ ግን ማደሬን ለማን ልንገር? በረንዳዬ ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ አሳልኩ፤ ከወዲያ በኩል የስመኝ ጫጩቶች ብቻ መለሱልኝ። ስመኝ የሥጋ ጫጩት በካርቶን እያሞቀች አሳድጋ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ድመት ግቢዋን እንዳይረግጥ የከለከለችውም ለዚህ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰሞን ከፋኝ። ሽንቁሯ ተደፍና የገዛ ግቢዬ እንደ እስር ቤት ጠበበኝ።

ቅዳሜ የስመኝ አባት አያ ገረመው ከአምበር ለገበያ መጡ። በዋናው በር፣ ዙሪያውን ሄደው፣ በትራቸውን እየመቱ ከስመኝና ከቤዛ ጋር ገቡ። ተቀምጠው ነገሩን ከእኔም ከልጃቸውም እኩል አደመጡ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ብለው የጀመሩት ከድመቷ ነው።

«ድመቷ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ አያ ገረመው።»

«የጠበቀቻት?»

«ቤዛ።»

«በጠባቂዋ እጅ ወልዳለች?»

«አራት ወልዳለች።»

«ታዲያ ይሄ ምን ክርክር አለው? ርቢ ነዋ!»

ርቢ የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት ያለው ሰው መጠበቅ ለሚችል ሰው ይሰጣል፤ ያኛው ያበላል፣ ይጠብቃል፤ ስትወልድ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ፤ እናቲቱ ለባለቤቷ ትቀራለች። ብር አይነሣም፣ ፊርማ የለም፣ ጌታና ቅጥረኛ የለም፤ ሁለቱም ባለከብት ናቸው። ግን ለላም ነው፣ ለበግ ነው፣ ቢበዛ ለዶሮ ነው።

«ድመት በርቢ?» አልኩ ሳላስበው።

«ምን፣ ድመት አትበላም? አትጠበቅም? በጾም ሳምባ ቀቅሎ ማብላት ከጥጃ ማሠማራት ያንሳል?» አሉኝ።

ደንቡ አንዱ ለሁለት ይለያል፣ ሌላው ይመርጣል ነው። እኔ ሁለት ሁለት አድርጌ ለየሁ፤ ቤዛ ጊዜ ወስዳ፣ ጆሮ አይታ፣ ጥርስ አይታ መረጠች። ስመኝም ፊቷ ፈታ አለ። ልጇ ቅጥረኛ ሳትሆን ባለድርሻ ሆናለችና ምን ትበል? ወዲያው ግን ደነገጠች።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ ቤት አይገቡም! ጫጩቶቼስ?»

አያ ገረመው አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«እንግዲያው እዚሁ ይደጉ» አሉ። «በርቢ።»

እንግዲህ ፍርዱን አያችሁት። ቤዛ ባለከብት፣ እኔ ጠባቂ። የመንግሥት ካዝና ስጠብቅ የኖርኩ ሴት በስተርጅና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ግልገሎች በርቢ ያዝኩ። ስመኝ መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ በኋላ ለቅቃ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ባለከብት ከብቷን የምታይበት መንገድ ያስፈልጋታል ተብሎ ቆርቆሮው ወዲያውኑ ተነቀለ፤ የነቀለችውም ስመኝ ራሷ ናት፣ በእኔ መዶሻ። በማግስቱ ማለዳ «እትዬ፣ አደሩ?» ስትለኝ «አድሬያለሁ!» ያልኩት ሰፈሩ እስኪሰማ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ቤዛ ቦርሳዋን እንዳዘለች በሽንቁሯ ብቅ አለች። ግልገሎቹን ታቅፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ አለችና እናቷ ከወዲያ በኩል ጫጩቶቿን ስትጠራ አዳምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ብሩን ፈልጌው ነበር።»

«እና ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። እኔ ባልደረባዬን፣ ልጄን፣ ንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፤ እናቷ ስለሷ ተቀይማለች፤ አያቷ ስለሷ ፈርደዋል። ሁላችንም ስለዚች ልጅ ክብር ስንሟገት ልጅቷ ጥግ ይዛ ቆማ ነበር።

«እሺ፣ ስንት ነበር ያሰብሽው?» አልኳት፣ እኔም ድምፄን ቀንሼ።

«ሁለት ሺህ» አለች፣ ሳታቅማማ። «ጾም ነበረ እኮ፣ እትዬ።»

«ሁለት ግልገል ወስደሽ የለም እንዴ?»

«እነሱማ የርቢ ናቸው» አለችኝ፤ ታናሺቱን ግልገል ከጭኔ ላይ አነሣችና በመዳፏ መዘነቻት። ፊቷ ተቋጠረ። «ይቺ ደግሞ ከስታለች። ምን እያበሏት ነው?»