የጫማው ማሰሪያ እስኪፈታ

ድሮ ሁለት ሰዎች መዋደዳቸውን ማወቅ ሙያ ነበር። ማን ከማን ጋር ከገበያ ተመለሰ፣ የትኛዋ ማንን ስታይ ሻሿን አስተካከለች እያሉ መከታተል፣ ማጠያየቅ ነበረው። ዛሬ ምን ልፋት አለው? የዘንድሮ ፍቅር ዩኒፎርም ይለብሳል። እነዚያ በአማርኛ የሚያወሩት ኮሪያዎች በቴሌቪዥን ከመጡ ወዲህ፣ የቢቸና ወጣት ሲዋደድ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ሹራብ መግዛት ነው። እኛ ጎረቤቶች ሥራ ፈት ሆነን ቀረን።

የጎረቤቴ የእትየ የሺ ልጅ ማስተዋልና ከሞጣ መጥቶ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ሙሉቀን እንደዚያ ናቸው። የወተት መልክ ያለው ሹራብ ለብሰው ብቅ ሲሉ መጀመሪያ መዘምራን መስለውኝ ነበር። ሙሉቀንማ ፀሐይ እንዳይነካው ክሬም ይቀባል። ወንድ ልጅ ከፀሐይ ተደብቆ የት ይደርሳል ብየ ነበር፤ ለካ የሚደርስበት አለው፣ ፊቱ እንደታጠበ ብርጭቆ ያበራል። የክሬሙን ስም ጠይቄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ?

እናላችሁ፣ የሙሉቀን ሽማግሌዎች ከሞጣ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ የማስተዋል የጫማ ማሰሪያ ተፈታ። ሙሉቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደ ኮሪያዎቹ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ያስርላት ጀመር።

እኛ አገር ሰው ከሰው እግር ሥር ከታየ ጥፋት አለበት ማለት ነው። አይቶ ማለፍ ደግሞ ኃጢአት ነው። አያ ፈንቴ ከመንገዱ ማዶ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ፣ ያልተጣላውንም አይምሩም።

«ተይ ልጄ፣ ማሪው» አሏት። «ይሄው ከነሱሪው ጭቃ ላይ ወድቆልሻል።»

«ኧረ አያ፣ ምንም አላደረገኝ። ጫማየን እያሰረልኝ ነው።»

«ጫማሽን? አንች እጅ የለሽም?»

ጥፋቱን ልትሸፍንለት ነው ተባለ። ሌሎችም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደረሱ። ልጁ ሊነሳ ሲል «ቆይ፣ ሳትማርህ አትነሳም» ብለው ትከሻውን ተጫኑት። መንገዱ በሰው ሲዘጋ ማስተዋል ጨነቃትና «ይቅር ብየዋለሁ» አለች። ተመራርቀው ተለያዩ።

ይቅርታ ካለ ደግሞ በደል መኖር አለበት አይደል? ሲመሽ በደሉ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሰፈሩን ዞረ። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፤ ጠየቅሁ እንጂ። ወሬው አባቷ አያ ውበት ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ ከሳቅ ወጣ። ገና ሳያገባት እግሯ ላይ የሚያስወድቅ ምን ቢሠራት ነው፣ እሱን ሳልሰማ ልጄን አልሰጥም ብለው ማሉ። ማስተዋል ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም።

ሽማግሌዎቹ በቀኑ መጡ። እኔም እትየ የሺን ላግዝ ገብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ጎረቤቴን ብቻዋን እተዋለሁ እንዴ? አያ ፈንቴ ምስክር ተብለው ተቀምጠዋል። አያ ውበት ጥፋቱ ይነገረኝ አሉ። የሞጣዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጫማ ነው ቢሉ ማን ያምናቸዋል? አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን ፈልገው ሊነሱ ሲሉ፣ እትየ የሺ ሄዳ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

«ትንሽ ጠብቁ» አለች። «የአንዷ ማሰሪያ መፈታቱ አይቀርም።»

ጠበቅን። የኮሪያው ጎረምሳ ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ዳገት ወጣ። አያ ፈንቴ ታማለች ወይ ብለው ጠየቁ። ደህና ናት አልናቸው። ታዲያ ለምን ታዘለች? ከዚያ ዝናብ መጣና ጃንጥላውን ለእሷ ሰጥቶ እሱ በሰበሰ። ክፍሉ አለቀ፣ ማሰሪያው አልተፈታም። አያ ውበት አሸነፍሁ ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ የሞጣዎቹ ቀጣዩ ክፍል ይታይ አሉ። መቼም ለፍርድ ብቻ ብለው አይመስለኝም። እኔ መብራት እንዳይጠፋ እመቤቴን እለምናለሁ።

በመጨረሻ ልጅቷ መንገድ ስትሻገር ማሰሪያዋ ተፈታ። ጎረምሳው ዝቅ ብሎ ተንበረከከ። ይሄኔ አያ ፈንቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣

«ተይ ልጄ፣ ማሪው» አሉ።

ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አያ ውበት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይሄ ሕዝብ እንዲህ ሲንበረከክ ውሎ መቼ ነው የሚያርሰው?» ብለው ልጃቸውን ሰጡ። የእልልታውን ነገር አልነግራችሁም፤ አብዛኛው የኔ ነበር።

አሁን ተጋብተው እዚሁ ሰፈራችን ይኖራሉ። ሙሉቀን ቢንበረከክ ዞሮ የሚያየው የለም፤ አገሩ ሁሉ ለምዶታል። ባለፈው ሳምንት በራፋቸው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘሁት። እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች። አላፊ አግዳሚው እጅ እየነሳ ያልፋል። አያ ፈንቴም ሲያልፉ «አጥብቀህ እሰርላት፣ የኔ ልጅ» ብለው መርቀውት ሄዱ።

እኔ ግን ጠጋ ብየ እግሯን አየሁ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው።